ከበረንዳዬ እስከ ወዲያ ማዶ

በእኛ ሰፈር መኪና የሚቆመው ለሬሳ ብቻ ነበር። ማጋነን አይደለም። አስኮን አልፎ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው የጎለመስኩት፤ አንድ ሂያጅና አንድ መጪ ብቻ የሚያስተናግድ፣ የመሀል መስመሩ የተፋቀ፣ ዳርና ዳሩን ጎርፍ የበላው አስፋልት ነው። ጠዋት ወደ ከተማ የሚገባው፣ ማታ ከከተማ የሚወጣው፣ አሸዋ የጫነው ገልባጭ፣ ሰው ያጨቀው ሚኒባስ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ሁሉ እሱ ላይ ይጋፋል። ሲጨናነቅ ሁሉም ክላክሱን እየነፋ ይገተራል፤ ትንሽ ሲከፈትለት ደግሞ የቆመበትን ጊዜ ሊያካክስ ይከንፋል። እግረኛ አይቶ ፍሬን የሚይዝ ሾፌር ካለ እንግዳ ነው፣ መንገዱን ገና አልለመደም ማለት ነው።

ቀብር ሲኖር ግን ሌላ ነው። የእድራችን ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው ከአስፋልቱ ጫፍ ሲደርሱ ያ ሁሉ መኪና ባለበት ቀጥ ይላል። ሙዚቃው ይጠፋል፣ ረዳቱ ጭንቅላቱን ከመስኮት ያስገባል፣ ከገልባጭ ላይ ወርዶ ኮፍያውን የሚያወልቅ ሾፌር እንኳ አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያኑም መቃብሩም ያለው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ስለሆነ ከእኛ ወገን የሞተ ሁሉ ይሻገራል፤ እኛም ከኋላ ከኋላው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ያን መንገድ እንደ ገዛ ግቢዬ ቀስ ብዬ እየረገጥኩ ስንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ። እያለቀስኩም ቢሆን ያናድደኝ ነበር። «ይሄ ሾፌር ትናንት እኔን አይቶ ነዳጅ የረገጠው አይደለም እንዴ?» እል ነበር በልቤ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ደክሟል እንጂ አንደበቷ አልደከመም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ቁርስ አትቀምስም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ የሚቀመጠው ብርሃን ስለሚገባው በረንዳዬ ላይ ነው፣ በረንዳዬ ደግሞ አፍንጫው አስፋልቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ክንዷን ይዤ እወጣለሁ። እንቆማለን። አሁንም እንቆማለን። ክፍተት ሳይ «አሁን!» እላለሁ፣ እሷ ግን ለእንዲህ ያለው «አሁን» የሚሆን እግር የላትም።

አንድ ጠዋት መሀል እንደደረስን አንዱ ሚኒባስ ሌላውን ደርቦ መጣብን። ጎትቼ ወደ ኋላ ስመልሳት ዣንጥላዋ ከእጇ አመለጠና ከጎማው ስር ገባ። ቤት ገብታ ውሃ ጠጣች። በማግስቱ «እንሂድ» ስላት «ጉልበቴን አሞኛል» አለች። ጉልበቷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ጉልበቷን አመማት።

በረንዳዬ ላይ በርጩማ አስወጥታ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ መዋል ጀመረች። ድምፅ ማጉያው ቅዳሴውን በመኪናው ጩኸት መሀል እየቆራረጠ ያመጣላታል። የሰማችውን ያህል ትቀበላለች፣ ከዚህ ሆና ወደዚያ ትሰግዳለች፣ ገልባጭ ሲያልፍ አቧራው ይሸፍናታል። ጨርቅ እየቆረጥኩ ቀና እያልኩ አያታለሁ። የማልኩት ያኔ ነው። ሌሎች ተሸክመው ከማሻገራቸው በፊት፣ እናቴ በቁሟ፣ በራሷ እግር ያን መንገድ ትሻገራለች አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ወረዳ መመላለስ አልሰለቸኝም። ዘበኞቹ ለምደውኝ «ዛሬም ለመንገዱ ነው?» ማለት ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ለጥናት የተመደበች ኢንጂነር ወደ ወረዳው አዳራሽ መጣች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ። ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ለጠፈችና መንገዱን ለማሻሻል የሚቻልባቸውን አማራጮች አንድ በአንድ አስረዳችን። መንገዱን በሁለቱም ወገን አስፍቶ በእጥፍ ማሳደግና መሀሉን በብረት አጥር መክፈል አንዱ ነው። መንገዱን እንዳለ ትቶ ለእግረኛ የብረት ድልድይ መትከልም አለ። ከሰፈሩ በታች ካለው ወንዝ ጀርባ አዲስ መንገድ አውጥቶ ከባድ መኪናውን ወደዚያ መላክም ይቻላል። መጨረሻ ላይ፣ ሰዉ መንጫጫት ከጀመረ በኋላ፣ መንገዱን ሳያሰፉ ፍጥነቱን የሚቀንሱበት ዘዴ እንዳለም ተናገረች፤ ያንን የሰማት አልነበረም።

የእድራችን ዳኛ ቀድመው ተነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «መስፋት አለበት። ሾፌር የሚደርበው ስለጠበበው ነው። ሰፊ መንገድ ስጡት፣ ሰው አይገድልም» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። አነጋገራቸው ያሳምናል፤ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ያውቃል ብዬ እኔም ለአፍታ አመንኩ። ከዚያ እናቴን በእጥፍ በሰፋው አስፋልት ላይ አሰብኳትና ማመኔን ተውኩ።

«ድልድዩስ?» አሉ ባለሱቆቹ። ድልድይ ቢሠራ ሱቃቸው አይነካም፤ የእኔም በረንዳ አይነካም። እውነቱን ለመናገር ለሥራዬ የሚሻለኝ ድልድዩ ነበር። ነገር ግን ወተት ሻጯ ጎረቤቴ እጇን አወጣች። ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ የምትጸልይበት ቸርች ደግሞ ከእኔ ቤት ጀርባ። እሁድ እሁድ እሷ ወደዚህ እኔ ወደዚያ ስንሻገር መሀል መስመር ላይ እንገናኛለን፤ «ጌታ ይባርክሽ» ትለኛለች እየሮጠች፣ «አሜን» እላታለሁ እየሮጥኩ። ያን ቀን ተነሥታ «ወተት ተሸክሜ ያን ሁሉ ደረጃ ልውጣ ነው? እኔስ እሺ፣ የእሷ እናት በየት በኩል ይወጡታል?» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «አሮጊት ቤቷ ብትቀመጥስ?» አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም እንጂ ባየው ኖሮ እዚያው እንጣላ ነበር።

ኢንጂነሯ ጭቅጭቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «ስንት ሰው የት ቦታ እንደሚሻገር ሳላውቅ አልመርጥም። ሰዎች ልኬ አንድ ቀን ሙሉ አስቆጥራለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችን። ደስ አለኝ። ይቁጠሩ! መንገዱ ራሱ ይመስክር አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን ጥሩምባ ነፊ ልናገር። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ በዚህ ወገን ዞረው ነፍተው፣ ለፍፈው፣ ከዚያ ተሻግረው በማዶ ላሉት የሚነፉት እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። በበረንዳዬ ሲያልፉ እናቴን «ለእርስዎ ገና አልነፋም፣ አይቸኩሉ» ይሏታል። እሷም «ቢነፉስ መኪናው መች ያሰማል» ትላቸዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ፣ እኔ ግን እንዲህ ያለው ቀልድ አይጥመኝም ነበር።

ቆጠራው ሊደረግ ዋዜማው ላይ፣ አመሻሹን፣ ዳቦ ይዘው ከማዶ ሲመለሱ አንድ ገልባጭ ሌላውን ሊደርብ ወጥቶ ገጫቸው። እዚያው አረፉ። ለጥሩምባ ነፊ ማን ጥሩምባ ይንፋ? የሚደፍር ጠፋ። ዳኛው በስልክ፣ እኔ በር እያንኳኳሁ ነገርን። ወተት ሻጯ የእድራችን አባል ባትሆንም በማዶ ያሉትን ቤቶች እሷ ዞረችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የጠላሁት መንገድ የለም።

በነጋታው ቆጣሪዎቹ መጡ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች፣ ወረቀት ይዘው፣ አንዳንዱ በዚህ አንዳንዱ በዚያ ጥግ ያዙ። እኛ ግን ድንኳን ውስጥ ነበርን። በእኛ ደንብ እድርተኛ ሲሞት ከሥራ ይቀራል፣ ሱቅ ይዘጋል፤ ያልመጣ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ ደግሞ የሰው ዓይን ይብሳል። ማዶ ያሉትም ማልደው ተሻግረው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ክረምት ስለነበረ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጠዋት ሰው እንደ ውሃ የሚፈስበት ፌርማታ ጭር ብሎ ዋለ።

ወደ እኩለ ቀን ሳጥኑን አውጥተን ከአስፋልቱ ጫፍ ስንደርስ እንደ ልማዱ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ ተከተለ። እናቴም የዚያን ቀን ተሻገረች፤ ክንዷን ይዣት በመሀል አስፋልት፣ ምንም ሳትቸኩል። ቆጣሪዎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ብድግ አሉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ደግ ልጆች ናቸው፣ ሰው ያሳደጋቸው። ለቀስተኛ በእስክሪብቶ መቁጠር ነውር ነው፣ እነሱም አልቆጠሩም። እኛም ብንሆን «ልጆች፣ ዛሬ ሌላ ቀን ነው፣ ሂዱና ሌላ ጊዜ ኑ» ለማለት ያሰበ ከመሀላችን አልተገኘም። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ስለ ቆጠራ የሚያስብ ሰውስ ምን ይባላል? ስንመለስም እንዲሁ በአንድ ላይ ተሻገርን። እነሱም ማታ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ኢንጂነሯ ውጤቱን አመጣች። በእኛ ፌርማታ የሚሻገረው ሰው ጥቂት ሆኖ መገኘቱን፣ መኪናም ለእግረኛ ሲቆም መታየቱን፣ ስለዚህ መንገዱ ሰፍቶ መሀሉ ቢታጠር፣ ድልድዩም ሰው በዛበት ወደተባለው ወደ ታችኛው መታጠፊያ ቢተከል የተሻለ መሆኑን ነገረችን። ዳኛው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መታጠፊያው ድረስ እናቴ ሄዳ፣ ደረጃ ወጥታ፣ ወርዳ፣ በማዶ በኩል ደግሞ ተመልሳ? ያውም የብረት አጥር መሀል ተገትሮ፣ ቤተ ክርስቲያኗን እያየች እንደ እስረኛ!

ተነሣሁ። «ያን ቀን ማን እንደተሻገረ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ልጆቹ ያመጡት ቁጥር—»

«ልጆቹን ተያቸው። መኪና ቆሞ ያዩት ለሬሳ ነው። ጭር ያለው ቀብር ስለነበረን ነው። የቀበርነውም እዚሁ መንገድ ላይ የሞቱትን ሰው ነው፣ እናንተ ልትቆጥሩ በዋዜማው! አንቺ ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው የእኛን መሻገር አይደለም፣ የእሳቸውን ቀብር ነው።»

ዳኛው «በይ ተቀመጪ፣ እንግዳ ናት» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ኢንጂነሯ ግን አልተቆጣችም። ወረቀቷን ደጋግማ አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ እኔን። «አልነገሩኝም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዎቹን መልሼ ለመላክ ማስፈቀድ አለብኝ፣ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ራሴ ግን ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

ትመጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር። ከሚኒባስ ወርዳ በረንዳዬ ፊት ስትቆም ሻይ እንኳ አላቀረብኩላትም። «ነይ፣ እናቴን አሻግሪልኝ» አልኳት። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ሁለታችንንም ገረፍ አድርጋ አየችን። «ጉልበቴን—» ብላ ስትጀምር «ዛሬ አላመመሽም» አልኳት። ኢንጂነሯ ክንዷን ሰጠቻት። እኔ በረንዳዬ ላይ ቀረሁ፤ መከተል እየፈለግሁ እግሬን እንደምንም ያዝኩት።

ቆሙ። ሚኒባሶቹ አለፉ፣ ገልባጩ አለፈ፣ አንዱ መብራቱን አብለጭልጮ እንዳትሞክሩት አለ። እናቴ ጮክ ብላ «ልጄ፣ አንቺ እግር አለሽ፣ ሂጂ። እኔ እመለሳለሁ» ስትላት ሰማሁ። ልጅቱ አልሄደችም። ትንሽ ሲከፈት ተንቀሳቀሱና ልክ መሀል ሲደርሱ በማዶ በኩል መስመሩ ሞላ፣ በእኛ በኩልም ዘጋባቸው። ሁለቱ መሀል አስፋልት ላይ ተጣብቀው ቆሙ፣ በፊትም በኋላም መኪና ይወነጨፋል፣ የኢንጂነሯ ጸጉር በነፋሱ ይነሣል። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። አምላኬ፣ ምን ነክቶኝ ነው የላክኋት ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ወተት ሻጯ ይህን አየችና ማሰሮዋን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ዘው ብላ መኪና ፊት ቆመች። ሾፌሩ እየተሳደበ ፍሬን ያዘ። ተሻገሩ።

ኢንጂነሯ እናቴን ቤተ ክርስቲያን አድርሳ ብቻዋን ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ያኔ ሻይ አቀረብኩላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። «መሀል ላይ የሚቆሙበት ቦታ ቢኖር» አለች ለራሷ እንደምታወራ። «መሀል ላይ... አንዱን ወገን ብቻ አይተው፣ አርፈው፣ ከዚያ ሌላውን።» የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ጠመኔ ጠየቀችኝና አንድ ብጣሽ ጥቁር ጨርቅ ላይ መንገዱን ሣለችው።

እዚያ ጨርቅ ላይ ሁሉንም እንደገና መዘንነው፣ አንዱን ስትደመስስ ሌላውን ስትሥል። ብናሰፋውስ? መኪናው ይፈጥናል፣ የሚሻገሩት መንገድ በእጥፍ ይረዝማል፤ ግን መጨናነቁን ለጊዜው ያቃልላል፣ ዳኛው ያሉት ሁሉ ስሕተት አይደለም። ድልድዩስ? ለወጣት ይሆናል፣ ወጣቱ ግን ደረጃ ከሚወጣ ከስር መሮጥን ይመርጣል። የወንዝ ጀርባው መንገድስ? ገልባጮቹን ያርቃል፣ ጥሩ ነው፤ ግን የሌላ ሰፈር እናት በር ላይ ያሳልፋቸዋል፣ ያውም እስኪሠራ ዓመታት ይሄዳሉ። ያ ማንም ያላዳመጠው ቀረ። ፌርማታው አጠገብ አስፋልቱን ከፍ አድርጎ መሻገሪያ መሥራት፣ ሾፌር ወዶም ሳይወድ ፍሬን እንዲይዝ፤ መሀሉ ላይ ሰው የሚያርፍበት ከፍ ያለ የድንጋይ ማረፊያ፤ መደረብ እንዳይቻል በሁለቱም በኩል ረዘም ያለ መከፋፈያ፤ መብራት። ተጨናንቆ ለሚቆመው መኪና ደግሞ ፌርማታው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ሚኒባስ ሲጭን ከኋላ ያለውን እንዳይዘጋ።

ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠች። «እትዬ፣ አንድ ነገር አለ።»

«ተናገሪ።»

«ለመሀሉ ማረፊያ ቦታ ለማግኘት መንገዱ በአንድ በኩል ትንሽ መውጣት አለበት። በማዶ ቦይ አለ፣ አይቻልም። በዚህ በኩል ነው። በረንዳዎ ይሄዳል። ፌርማታውም ከደጅዎ ይነሣል።»

በረንዳዬ። የስፌት መኪናዬ፣ ብርሃኔ፣ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ የሱሪውን እግር አሳጥሪልኝ እያለ የሚቆምበት ደጅ። ከውስጥ ያለው ክፍል በቀን እንኳ አምፖል ይፈልጋል። አልዋሽም፣ ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ድልድዩ ይሁን ብል በረንዳዬን አድናለሁ፣ እናቴ ግን እዚያው በረንዳ ላይ በርጩማዋ ላይ ትቀራለች። ጨርቁን አጥፌ ሰጠኋትና «ይሂድ» አልኳት። በቢሯቸው ደግሞ የሰፈሩ ሰው የተስማማበት ነገር ቶሎ ያልፋል አለችኝ። ያ ማለት ዳኛውን ማሳመን ማለት ነው።

እድሩ የሚሰበሰብበት ቤት ግድግዳ ላይ የሟቹ ጥሩምባ ተሰቅሏል። ከሞቱ ወዲህ የሚረከብ አልተገኘም፤ ሁሉም አሁንም ያንን መንገድ እየተሻገረ መንፋት ይፈራል። ዳኛው ሐሳቤን ሰምተው ሳቁ። «መንገድ ጠብቦ የሚሻሻለው የት አገር ነው? እኔ ስንት ዓመት ነድቻለሁ። ፍጥነቱን ብትይዢው ሰልፉ አየር ጤና ይደርሳል» አሉ። ከፊሉ ሰው ሳቀ።

«አልጠበበም፣ በቦታው ነው» አልኳቸው። «ሰልፉን የሚያረዝመው መሀል መንገድ የሚጭነው ሚኒባስ ነው፣ እሱም ቦታ ተሠርቶለታል። ደግሞስ ጋሼ፣ አውቶቡስ ሲነዱ መሻገሪያው ከፍ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ፍሬን እይዛለሁ፣ ምን አደርጋለሁ? ከስሩ መኪናዬ ይሰበራላ።»

«ሰው ሲያዩስ?»

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያስቡትን እያየሁት ነበር፣ ዓይናቸው ወደ ጥሩምባው ሄደ። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። እኔ ግን አልራራሁላቸውም፣ መጨረስ ነበረብኝ። «መንገዱ ወደፊት ይሰፋ ይሆናል፣ ይስፋ። እስከዚያ ግን ያንን ጥሩምባ ማን እንደሚነፋው ብቻ አይደለም የምንመርጠው፣ ለማን እንደሚነፋም ነው። ለእናቴ እንዲሆን አልፈልግም። ለእርስዎም አልፈልግም። በረንዳዬን ሰጥቻለሁ፣ እናንተ የምትሰጡት እጃችሁን ማውጣት ብቻ ነው» አልኩ።

እጅ ወጣ። አንድ በአንድ፣ እየተያዩ። ዳኛው የመጨረሻው ነበሩ፤ እጃቸውን ሲያወጡ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የሚያወጡ ይመስሉ ነበር። በማግስቱ ከእኔ ጋር ወረዳ መጡ፣ ከእኔ በላይም ተከራከሩ። «እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሾፌርን አውቀዋለሁ፣ ከፍ አድርጉት!» ሲሉ ሰምቼ ሳቄን ዋጥኩ።

ነገሩ እንደዚያ ቀን ጨርቅ ቀላል አልነበረም። ፊርማ ጠፋ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ኢንጂነሯ ሌላ ቦታ ተመደበች ተባለና ተመለሰች። እኔ መመላለሴን አልተውኩም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን መጡና በረንዳዬን አፈረሱት። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔም የስፌት መኪናዬን አስገብቼ አምፖል አበራሁ። የቆርቆሮው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሥራው እስኪያልቅ ሾፌሮቹ ሰደቡን፣ ክላክሳቸው አደነቆረን፣ ሰልፉም እውነትም ረዝሞ ነበር። ፌርማታው ወደ ጎን ሲወጣ ግን ተነፈሰ። እንደ ጦር ኃይሎች አደባባይ የሚያምር አይደለም፤ ከፍ ያለ ነጭና ጥቁር መሻገሪያ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ሦስት ሰው የሚያቆም ድንጋይ፣ አንድ መብራት። እንደዚያም ሆኖ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት እናቴን «እንሂድ» አልኳት። ያችን የጉልበት ነገር ልታመጣ አፏን ከፈተችና ፊቴን አይታ ተወችው። ነጠላዋን ለበሰች። በረንዳ ስለሌለ ከበሩ እንደወጣን መሻገሪያው ነው። ክንዷን ያዝኩ። ከቡራዩ በኩል አሸዋ የጫነ ገልባጭ እየመጣ ነበር፤ እጇ እጄ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ገልባጩ ከፍታው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አሁንም ቀነሰ፣ ከዚያ ፊታችን ቆመ። ከኋላው ያለው ሚኒባስም ቆመ። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ በእጁ እለፉ አለን።

እናቴ አልተራመደችም። መኪናውን አየች። ቀስ ብላ ዞራ ከኋላችን ያለውን መንገድ አየች፣ ሰው ፈለገች። ከዚያ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም እማዬ። ላንቺ ነው የቆመው።»

ሾፌሩን ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያ ልቀቂኝ» አለች። ነጠላዋን መልሳ አስተካከለችና በራሷ እግር ተሻገረች።